ለስላሳውን የዕለት ሩጫ ጫማ በደከመ እግር መፈተሽ

አንድ ጊዜ ጥጥ የረገጥኩ እስኪመስለኝ የሚለሰልስ የሩጫ ጫማ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩበት፣ ሁለቴ ዘለል ዘለል አልኩ፣ ከፍዬ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሩጫዎች አጫጭር ስለነበሩ ፍቅራችን ቀጠለ። በአራተኛው ቀን ግን 12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቼ ደነዘዙ። 15ኛው ላይ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ጫማዬን አውልቄ እግሬን አሽ ነበር። የሶሉ ስፖንጅ ያን ጊዜም ጥጥ ነበር። ጥፋቱ የላይኛው ጨርቅ ነው፤ እግሬ በሩጫው ሙቀት ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ ልስላሴንና ምቾትን ለያይቼ አያለሁ። ልስላሴን በአምስት ደቂቃ ታውቁታላችሁ፤ ምቾትን የሚነግራችሁ ግን የደከመ እግር ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አሠራር አራት ሳምንትና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በሳምንት ሦስት ቀን ለሚሮጥ ሰው ተጨማሪ ሥራ አይሆንበትም፤ የሚሮጠውን እየሮጠ ማስታወሻ መያዝ ብቻ ነው።

ደብተር ወይም ስልክ፣ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ሁልጊዜ የምትሮጡበት ዓይነት ካልሲ፣ ርቀቱን የምታውቁት የ5 ኪሎ ሜትር መንገድ አዘጋጁ። አሮጌውን ጫማችሁንም አትጣሉት፤ ዳኛ ሆኖ ይቀርባል። አንድ ነገር ደግሞ ተዉ፦ ፈተናው እስኪያልቅ ሌሎች ስለዚያ ጫማ የጻፉትን አታንብቡ። «ተረከዙ ይላላል» የሚል ካነበባችሁ በኋላ በእያንዳንዱ ርምጃ ተረከዛችሁን ስትጠብቁ ትውላላችሁ።

1. ከመልበሳችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ እዩት

መጀመሪያ መዝኑት። ለዕለት ሩጫ የተሠሩ ለስላሳ ጫማዎች በመካከለኛ የወንድ ልክ አንዱ እግር አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ግራም ይመዝናል። ግራና ቀኙ በጥቂት ግራም ቢለያዩ አትደንግጡ። ክብደት ምን ያህል ያስከፍላል ለሚል ጥሩ መለኪያ አለ፤ በአንድ እግር ላይ 100 ግራም ሲጨመር ሯጩ የሚጠቀመው ኦክሲጅን በ1 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የ20 ግራም ልዩነት ለሶምሶማ ሩጫ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ሻጮች በክብደት ሲፎካከሩ ስሰማ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የከፍታውን ልዩነት ጻፉ፤ ማለትም ከተረከዝ በታች ያለው ውፍረት ከፊተኛው የእግር መዳፍ በታች ካለው ውፍረት በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚበልጥ። አምራቾች ቁጥሩን ያወጡታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ጫማውን ለማወደስ ወይም ለመንቀፍ አይደለም፤ ከአሮጌው ጋር ለማወዳደር ነው። የለመዳችሁት 10 ከሆነና አዲሱ 4 ከሆነ የባታችሁና የተረከዝ ጅማታችሁ ሥራ ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባታችሁ ቢዝል ያ የሽግግሩ ዋጋ ሊሆን ስለሚችል ጫማውን በእሱ አትፍረዱበት። ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ስትሄዱ ደግሞ ጫናው ወደ ጉልበት ይጠጋል።

ጠቅላላውን ውፍረትም ያዙ። የዓለም አትሌቲክስ ለጎዳና ውድድር የፈቀደው የሶል ውፍረት እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ደንቡ ልምምዳችሁን አይመለከትም፤ ግን ጥሩ ድንበር ነው። ጫማችሁ ወደዚያ ከተጠጋ ወይም ካለፈ ከፍ ያለ ጫማ ላይ ቆማችኋልና በ7ኛው ደረጃ ያለውን የመረጋጋት ፈተና በቸልታ አትለፉት።

ስፖንጁ ከምን እንደተሠራ ማወቅም ይረዳል። ኢቪኤ የሚባለው ለብዙ ዓመታት የተለመደው ነው፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሲበርደው ይደድራል። ቲፒዩ ይከብዳል፣ ቅርጹን ግን ይጠብቃል፣ ብርድም እምብዛም አያሸንፈውም፤ አዲዳስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከኬሚካል ኩባንያው ቢኤኤስኤፍ ጋር ያመጣው ፍሬ ፍሬ የሚመስለው ስፖንጅ የዚህ ወገን ነው። ፔባ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፣ ተጨምቆ ሲመለስም ብዙ ጉልበት ይመልሳል፤ ናይኪ እ.ኤ.አ. በ2017 በውድድር ጫማው ካስተዋወቀው በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ዕለት ጫማዎች ወርዷል። ብዙ አምራቾች ከእነዚህ ሁለቱን ይደባልቃሉ ወይም አንዱን በሌላው ላይ ይደርባሉ።

በአውራ ጣት ስፖንጁን ተጭኖ «ለስላሳ ነው» ማለት ግን ሞኝነት ነው። ስትሮጡ በእያንዳንዱ ርምጃ ከሰውነታችሁ ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ኃይል ጫማው ላይ ያርፋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ140 እስከ 210 ኪሎ ያሳርፍበታል ማለት ነው። አውራ ጣት ምን አውቆ?

እጅ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። የጫማውን አፍንጫ ወደ ላይ እጠፉት፤ የሚታጠፈው ጣቶቻችሁ ከመዳፉ ጋር በሚገናኙበት ቦታ እንጂ መሃሉ ላይ መሆን የለበትም። እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዙት፤ ትንሽ ይጠመዘዛል፣ ሙሉ በሙሉ ከዞረ ለደከመ እግር ድጋፍ የለውም። እጃችሁን ወደ ውስጥ ሰዳችሁም ስፌቱን ዳሱ፤ አሁን በጣታችሁ የሚቆረቁራችሁ ስፌት በኋላ ቆዳችሁን ይልጣል።

2. ልኩን ወደ ማታ፣ ቆማችሁ ለኩ

እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲራመድ ያብጣል፤ በሩጫም ያብጣል። ጠዋት የተለካ ጫማ ስለዚህ ይዋሻል። ወደ ማታ፣ ትንሽ ከተራመዳችሁ በኋላ፣ የሩጫ ካልሲያችሁን አድርጋችሁ ሁለቱንም እግር ለኩ። የአብዛኛው ሰው አንድ እግር ከሌላው ይረዝማል፤ ልኩ የሚወሰነው በረጅሙ ነው። ቆማችሁ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት። ረጅሙ ጣት የግድ አውራ ጣት አይደለም፤ ሁለተኛዋ የምትበልጥባቸው ሰዎች ጥፍራቸው ለምን እንደሚጠቁር ሳይገባቸው ዓመታት ያሳልፋሉ።

ስፋቱን ለማወቅ ከሁሉ የምወደው ዘዴ ይኸውላችሁ። ከውስጥ የተነጠፈውን ንጣፍ አውጡና ወለል ላይ አድርጋችሁ ቁሙበት። መዳፋችሁ በጎን ከንጣፉ ጠርዝ ካለፈ ጨርቁ እዚያ ቦታ ላይ እየገፋችሁ ሊኖር ነው። እኔን 15ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያስቀመጠኝ ጫማ በዚህ ፈተና በግማሽ ደቂቃ ይወድቅ ነበር።

እዚህ ላይ «ጠፍጣፋ እግር ስላለኝ የተለየ ጫማ ያስፈልገኛል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለብዙ ዓመታት የነበረው ምክር የእግርን ቅስት አይቶ ጫማ መምረጥ ነበር። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በምልምሎቹ ላይ ይህንኑ ፈትኖታል። በእግራቸው ቅርጽ ተመርጦ ጫማ የተሰጣቸውና ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ የተሰጣቸው ሲወዳደሩ፣ በቅርጽ መምረጡ ጉዳትን አልቀነሰም። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት የሩጫ ጫማን ያጠኑት ቤኖ ኒግም እ.ኤ.አ. በ2015 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት ሐሳብ ሯጩ ራሱ የሚመቸውን ጫማ እንዲመርጥ የሚል ነው፤ ምቾት እንደ ማጣሪያ ይሠራል ይላሉ። የሐኪም ትእዛዝ ያለው ሰው ትእዛዙን ይከተል። ሌሎቻችን የራሳችንን እግር ማመን እንችላለን፤ ለማመን ግን በሥርዓት መጠየቅ አለብን።

ጫማውን ከመኮነናችሁ በፊት ክሩን ፍቱና እንደገና እሰሩ። የእግራችሁን ጀርባ አንድ ነጥብ ላይ ከተጫናችሁ በዚያ ነጥብ ላይ ክሩን ሳታቋርጡ በጎን አሳልፉት። ተረከዛችሁ ከወጣ ከላይ ያለችውን፣ ብዙ ሰው ባዶ የሚተዋትን ቀዳዳ ተጠቀሙ፤ ክሩን በዚያው ወገን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ፣ የተቃራኒውን ክር ጫፍ በቀለበቱ አሳልፋችሁ ሳቡ። ጣቶቻችሁ ከጠበባቸው የታችኞቹን ሁለት መስመሮች አላሉ። አንድ ጫማ የእግሬን ጀርባ ስላሳመመኝ ለሰው ልሰጠው በፌስታል አድርጌው ነበር፤ ክሩን አንድ ቀዳዳ ዘልዬ ካሰርኩት በኋላ 700 ኪሎ ሜትር ሮጥኩበት።

3. ቤት ውስጥ አንድ ምሽት

መመለስ የሚቻል ከሆነ ሶሉ ሳይቆሽሽ ንጹሕ ወለል ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ልበሱት። ደረጃ ውጡበት፣ ውረዱበት። በአንድ እግር ቁሙ። የሚቆነጥጥ ነገር ካለ አሁኑኑ ይታወቃል። «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን አትቀበሉ፤ የዛሬ የሩጫ ጫማ ጨርቅ እንደ ቆዳ ጫማ እግርን ተከትሎ አይሰፋም። ስፖንጁ ትንሽ ሊፈታ ይችላል፤ ጥበት ግን ጥበት ሆኖ ይቀራል።

4. ሦስት አጫጭር ሩጫዎች፣ ከአሮጌው ጋር እያፈራረቁ

የ5 ኪሎ ሜትሯን መንገድ በተመሳሳይ ሰዓት፣ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት ሩጡ። አንድ ቀን በአዲሱ፣ በሚቀጥለው በአሮጌው፣ ከዚያ እንደገና በአዲሱ። መፈራረቁ ያስፈልጋል። በአዲሱ ብቻ ከሮጣችሁ ጥሩ እንቅልፍ የተኛችሁበትን ቀን የጫማው ጥሩነት አድርጋችሁ ትጽፉታላችሁ።

ለአራት ቦታዎች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡ፦ ለተረከዝ፣ ለቅስት፣ ለፊተኛው መዳፍ፣ ለጣቶች። የምትሰጡት አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ መጨረሻ ላይና በማግስቱ ጠዋት ነው። ነጥቦቹን ደምራችሁ አታካፍሉ። ሦስቱ ቦታዎች 9 አግኝተው ጣቶች 4 ካገኙ ያ ጫማ 4 ነው፤ ሰው በአማካይ እግሩ አይሮጥም።

በሦስተኛው ቀን ከሩጫው በኋላ አንድ እግር አዲስ፣ አንድ እግር አሮጌ አድርጋችሁ 400 ሜትር በጣም በዝግታ ሩጡ፤ ከዚያ ግራና ቀኙን ቀይራችሁ ድገሙት። ከርቀቱ አትለፉ፤ ቁመታቸው ስለሚለያይ ወገብ አይወደውም። ሰው ቢያያችሁ ይስቃል፣ ይሳቅ። በሌላ መንገድ የማይታወቁ ነገሮች በዚህች አጭር ሩጫ ይወጣሉ። አዲሱ ይመስላችሁ የነበረውን ያህል ለስላሳ አለመሆኑ፣ ወይም አሮጌው ምን ያህል እንደሞተ።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙበት። የጆሮ ማዳመጫችሁን አውልቁና አወራረዳችሁን ስሙ። አዲሱ ጫማ «ጧ ጧ» የሚል ከሆነ፣ በአሮጌው ግን ድምፃችሁ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይ የአዲሱ ፊት ክፍል ደርቋል ወይ አረጋገጣችሁን ቀይሮታል።

5. ረጅሙ ሩጫ

ዋናው ፈተና ይህ ነው። ጫማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ የሳምንታችሁን ረጅም ሩጫ በእሱ ውጡ። ለፈተና ብላችሁ ርቀት አትጨምሩ፤ አለዚያ የሚፈተነው ጫማው ሳይሆን ጉልበታችሁ ይሆናል። ከ75 እስከ 90 ደቂቃ ከሮጣችሁ ይበቃል፤ ረጅም ሩጫችሁ ከዚያ ካነሰም ያላችሁን ያህል ሩጡ።

በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ምንም አትጻፉ፤ ያን ጊዜ ጫማ ሁሉ ያምራል። መሃል ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ስለ ጫማው ስንት ጊዜ አሰብኩ? ጫማው ጥሩ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ አላሰባችሁበትም። ክሩን ለማላላት ከቆማችሁ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ በቃላችሁ ያዙ። ያ ደቂቃ እግራችሁ አብጦ ጨርቁን ያገኘበት ሰዓት ነው፤ በሚቀጥለው ሩጫ ገና ከመነሻው አላልታችሁ እሰሩና ደቂቃው ይሸሽ እንደሆነ እዩ። ካልሸሸ ልኩ ወይም ስፋቱ የእናንተ አይደለም።

የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ሁሉንም ይናገራሉ። ፊተኛው መዳፍ ሥር እንደ እሳት የሚለበልብ ነገር አለ? ጣቶች ደነዘዙ? ቅስቱን የሚቆረቁር እብጠት ተሰማችሁ? ለስላሳ ጫማ የሚያመጣቸው ሁለት ተቃራኒ ችግሮችም አሉ፣ ሁለቱም ዘግይተው ነው የሚመጡት። አንደኛው ስፖንጁ ተጨምቆ ሲያልቅ ነው፤ ሲጀመር ጥጥ የነበረው መጨረሻ ላይ መንገዱን ራሱን እንደረገጣችሁ ይሰማችኋል። ሁለተኛው መስጠም ነው፤ ስፖንጁ ይውጣችኋል፣ አይመልስም፣ አሸዋ ላይ እንደሚሮጥ ሰው እግራችሁን በየርምጃው ከውስጡ ነቅላችሁ ታወጣላችሁ። የሰመጠ ሯጭ ጫማውን አይወቅስም። «ዛሬ ጉልበት የለኝም» ይላል። ሁለት ሳምንት በተከታታይ እንዲህ ካላችሁ በአሮጌው ጫማ አንድ ረጅም ሩጫ ሮጣችሁ አወዳድሩ።

ስለ ጫማ ልስላሴና ስለ ሯጭ ክብደት የተለመደውን አባባል የሚገለብጥ ጥናት በሉክሰምበርግ ተደርጓል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጥቷል። 848 ሯጮች ከላይ ሲታዩ የማይለያዩ፣ አንዱ ግን ከሌላው የደደረ ስፖንጅ ያለው ጫማ ተሰጣቸው። በደደረው የሮጡት ይበልጥ ተጎዱ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ግን ቀላል ክብደት ባላቸው ሯጮች ላይ ነው። «ለስላሳ ጫማ ለከባድ ሰው ነው» ሲባል ስለምንሰማ ብዙዎች ተቃራኒውን ይጠብቁ ነበር። ከዚህ የምወስደው፣ ቀጭን ነኝና ለስላሳ ስፖንጅ አያስፈልገኝም የሚል ሰው እንደገና ቢያስብ ጥሩ ነው።

ሩጫው ሲያልቅ ጫማውን ወዲያው አታውልቁ፤ አሥር ደቂቃ ተራመዱበት። ከዚያ አውልቃችሁ እግራችሁን እዩ። ወረቀት ላይ የእግር ቅርጽ ሥሉና የቀላውን ቦታ፣ ውሃ የቋጠረውን፣ የተላጠውን ምልክት አድርጉበት። ከአንድ ሩጫ በኋላ የቀላ ቦታ ብዙም አያሳስብም። በሦስት ሩጫ እዚያው ቦታ ላይ ከቀላ ግን ካልሲ ቀይሩ፣ ክር ቀይሩ፤ አልሄድ ካለ ጫማው ነው። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዋን ርምጃ አስተውሉ። ተረከዝ ሥር የሚወጋ ሕመም ከዚህ በፊት ካልነበረባችሁና አሁን ከመጣ ፈተናውን አቁሙ።

6. ከቤቱ አርቃችሁ ውሰዱት

«ሁለገብ» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ብዛት ትርጉሙን አጥቷል። የዕለት ጫማ ቤቱ ሶምሶማ ነው፤ ከዚያ ቤት ምን ያህል ርቆ ሳይቸገር መመለስ ይችላል? ሁለገብነትን የምለካው በዚያ ነው።

በፍጥነት ጀምሩ። ከአንድ ቀላል ሩጫ በኋላ 6 ጊዜ ለ20 ሰከንድ ያህል ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ ሩጡ፤ በየመሃሉ እስክትረጋጉ ተራመዱ። ጫማው ፍጥነቱን ሲከተል ይታወቃል፤ ፊተኛው ክፍል ተንከባሎ ወደ ፊት ይገፋችኋል። የማይከተል ከሆነ ተረከዙ የሚጎተት ይመስላል። በሌላ ቀን ለ15 ደቂቃ በአጭር በአጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ መናገር በምትችሉበት ፍጥነት ሩጡበት። እዚህ ጋ አትጨክኑበት። ለስላሳ የዕለት ጫማ ፈጣን እንዲሆን አልተሠራም፤ ፈጣን ሩጫ ሲመጣበት እንቅፋት ካልሆነ አልፏል።

ዳገትና ቁልቁለት ልክን ይፈትናሉ። ዳገት ላይ ተረከዝ ከወጣ፣ ቁልቁለት ላይ ጣቶች የጫማውን አፍንጫ ከመቱ ወደ 2ኛው ደረጃ ተመልሳችሁ ክሩን እዩ። አሥር ደቂቃ ቁልቁለት የሱቅ አንድ ሰዓት ያህል ያስተምራል።

ከዚያ መንገዱን ለዋውጡት። አስፋልት፣ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ጠጠር፣ ሣር። በጠጠር ላይ ሁለት ነገር እዩ፤ ድንጋይ ሶሉ ስንጥቅ ውስጥ ይቀረቀራል ወይ፣ ሹል ጠጠርስ በስፖንጁ አልፎ ይሰማችኋል ወይ። ወፍራም ስፖንጅ ሁለተኛውን በደንብ ይሸፍናል፣ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ግን ያወላውላል። እርጥብ መንገድ ሲገኝ በመጀመሪያ በእግር ሄዳችሁ ሞክሩት። የመንገድ ቀለም፣ የብረት ክዳንና ልሙጥ ንጣፍ ክፉዎቹ ናቸው። ጫማውን ገልብጣችሁ ብታዩ ብዙዎቹ ክብደት ለመቀነስ ጎማውን ቦታ ቦታ ላይ ብቻ ለጥፈው ስፖንጁን ገላጣ ይተውታል። ገላጣው በእርጥብ ልሙጥ ላይ ይንሸራተታል፣ በአስፋልትም ቶሎ ይበላል።

ብርድ ላይ የምትሮጡ ከሆነ አንድ የቤት ሙከራ አለ። የአንዱን እግር ጫማ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ 20 ደቂቃ አኑሩት፤ ከዚያ ሁለቱንም አጥፋችሁ አወዳድሩ። ልዩነቱ ብዙ ከሆነ የሙቀት ጊዜ ጫማ ይዛችኋል ማለት ነው። ሙቀት ላይ ለሚሮጥ ደግሞ ጨርቁን ወደ መብራት አንሥቶ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ማየት ብዙ ይናገራል፤ ብርሃን የማያልፍበት ጨርቅ ላብም አያሳልፍም ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ ጊዜ አትሳሳቱም።

አንድ ቀን ሙሉ ደግሞ ቁሙበት፣ ተራመዱበት። ፊትና ኋላው እንደ ወንበር ድጋፍ የተቆለመመ ጫማ ለመሮጥ ጥሩ ሆኖ ቆሞ ለመዋል ያደክማል፤ ሰውነት ሳይታወቃችሁ ወደ ፊት እንዳይወድቅ ሲታገል ይውላል። ለሥራም ለሩጫም አንድ ጫማ የሚፈልግ ሰው ይህን ሳይሞክር አይወስን።

ክብደት ማንሣትና ወደ ጎን የሚያስሮጥ ጨዋታ? አትሞክሩት። ከባድ ብረት ተሸክሞ ለስላሳ ስፖንጅ ላይ መቆም ፍራሽ ላይ እንደ መቆም ነው፤ ወደ ጎን ድንገት መታጠፍ ደግሞ በወፍራም ሶል ላይ እግርን ወለም ያደርጋል። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለመሄድ ነው።

7. መረጋጋቱን በድካም ፈትኑ

ከረጅሙ ሩጫ በኋላ፣ ጫማው እግራችሁ ላይ እንዳለ፣ በአንድ እግር ለ30 ሰከንድ ቁሙ። በአሮጌው ጫማ ከሌላ ረጅም ሩጫ በኋላ ተመሳሳዩን አድርጉ። ቁርጭምጭሚታችሁ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ ቆጥሩ ወይም ሰው ይቅረጻችሁ። መንገድ ላይ ደግሞ ጠባብ ጥምዝ ስትዞሩ፣ ከጠርዝ ድንጋይ ስትወርዱ ልብ በሉ፤ ርምጃችሁን ሳታስቡት ካሳጠራችሁ እግራችሁ ጫማውን አላመነውም።

በ50ኛው ኪሎ ሜትር ሁለቱን ጫማ ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ ከኋላ እዩአቸው። ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። አንዱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዘነበለ ስፖንጁ ለእናንተ አረጋገጥ ለስልሶ ወድቋል። ይህ በኋላ አይስተካከልም፣ ይብሳል እንጂ።

8. በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ወስኑ

ገልብጣችሁ እዩት። የተረከዙ ውጫዊ ጠርዝ በትንሹ መበላቱ የብዙ ሯጮች ምልክት ነው፣ አያስፈራም። የስፖንጁ ጎን መሸብሸቡም እንዲሁ። የጨርቁ የአውራ ጣት ቦታ መሳሳት፣ የተረከዝ ውስጠኛው ልብስ መቀደድና ጎማው መላላት ግን በ100 ኪሎ ሜትር መታየት የለባቸውም። የሩጫ ጫማ በተለምዶ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል፤ በሩቡ እንኳ ሳይደርስ ያረጀ ጫማ ምቾቱ ምንም ቢሆን ውድ ነው።

አሮጌው ጫማ ገና ካልሞተ ከአዲሱ ጋር አፈራርቁት። 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንታት የተከታተለ ጥናት ከአንድ በላይ ጫማ እያፈራረቁ የሮጡት የመጎዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ጫማዎቹ ስለሚለያዩ ጫናው በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም የሚለው ማብራሪያ ለእኔ ያሳምናል።

በአራተኛው ሳምንት የመጨረሻውን ሙከራ ታደርጋላችሁ፣ ነጥብም አይሰጥበትም። ሁለቱንም ጫማ በር አጠገብ አስቀምጡ። ጠዋት እንቅልፍ ሳይለቃችሁ ስትወጡ እጃችሁ የትኛውን እንዳነሣ ስትመለሱ ጻፉ። አምስት ጠዋት ይበቃል። ማስታወሻችሁ አዲሱን እያወደሰ እጃችሁ አሮጌውን ካነሣ ማስታወሻውን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡት፤ ብዙውን ጊዜ በረጅሙ ሩጫ መጨረሻ ላይ አንዲት ቸል ያላችኋት መስመር አለች። አሁን ሌሎች የጻፉትን ማንበብም ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን የጫማውን ምላስ ገልብጡና የጀመራችሁበትን ቀን በማይለቅ ብዕር ጻፉበት።